ስህተት ሲጠፋ

ልጄ ከሠራዊት ሲመለስ ዝምተኛ ሆኖ ነበር። በጦርነቱ የሬዲዮ መገናኛ ላይ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ ብዙም አልነገረኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ተማረ፤ ሲመረቅ ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሰው ኮምፒውተር ይጠግን ጀመር።

እኔ ከወሎ መጥቼ እዚሁ መቀሌ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ልጄ በኮምፒውተር አማርኛና ትግርኛ መጻፊያ ፕሮግራም መሥራት ሲጀምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ በእኔ ይሞክረው ነበር።

«እማ፣ እንደ ድሮሽ በፍጥነት ምቺው።»

«ባበላሸውስ?»

«ለሱ አይደል የማስቀምጥሽ!»

ስህተት አግኝቼ ስነግረው፣ ሬዲዮ ላይ እንዳለ ሁሉ «ተቀብያለሁ!» ብሎ ይስቃል። ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ የማየው ያን ጊዜ ነበር።

ፕሮግራሙን አልሸጠውም። የፈለገ እንዲወስደው፣ የቻለ እንዲያርመው አሠራሩን ከነኮዱ ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠው። እንደ እህቷ «ሓፍተይ» እያለች የምትጠራኝ ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ፊት ለፊቱ፣

«ሓፍተይ፣ ልጅሽ ስለት አለበት እንዴ? ይሄን ሁሉ ሥራ በነፃ!» አለችኝ።

«ምሽግ ውስጥ ስንቱ ውሃውን አካፍሎኛል፤ ማን ሒሳብ ጠየቀኝ?» አላት እሱ። ከዚያ ወዲያ አልቀለደችበትም።

በዚያ ሥራው ያወቁት ሰዎች አዲስ አበባ ቀጠሩት። ኮምፒውተሩን ለእኔ ትቶ ሄደ። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘሁት።

መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር። በኋላ ሥራ በዛበት። ሰላምታ ስልክለት መልሱ ይዘገያል፤ ስህተት አገኘሁ ብዬ ስጽፍለት ግን ወዲያው ይደውላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየተቀመጥኩ ስህተት ፍለጋ ያዝኩ። የምጽፈው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤ ሌላ አይመጣልኝም። «ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ» እያልኩ እጀምራለሁ።

ፕሮግራሙ እየተስተካከለ ሄደ። አንድ ቀን ደርቆ ሲቆም ደስ አለኝ፤ ቶሎ ጻፍኩለት። «እሱን ሌላ አገር ያለ ሰው ትናንት አስተካክሎታል፤ አዲሱን ጫኚው» የሚል መልስ መጣ። አልደወለም።

ከዚያ ወዲህ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት፣ «ዛሬም ስህተት የለም» ብዬ ላክሁለት።

ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ስህተቱ አልቋል እኮ። አሁንም ትፈልጊያለሽ?»

«እጄ እንዳይረሳ ብዬ ነው» አልኩት።

በስልኩ ውስጥ የመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል።

«ተቀብያለሁ» አለኝ በመጨረሻ። አልሳቀም።

ለፋሲካ ፈቃድ ይሰጡት እንደሆነ ልጠይቀው አስቤ ነበር። አልጠየቅኩትም።