አበልጃችን የሸጡልን ጥቁር መኪና

ደስ ብሎኛል! ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ የአማርኛ መምህራችን ማይክራፎኑን ተቀብለው የትምህርት ቤታችን መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ለእኔ መሰጠቱን ተናገሩ። ሙሉው ገጽ! ከሰልፉ መሃል ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «እንግዲህ አንችን ማን ይችልሻል?» አለች። እውነቷን ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ማንም የሚችለኝ አልነበረም።

መምህሩ ያሳሰቡኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የምታውቂውን ጻፊ፤ አንባቢም የሚጠቀምበት ይሁን» አሉኝ። ከቤት ገብቼ የማውቀውን ፍለጋ የድሮ ደብተሮቼን ሳገላብጥ፣ ከስድስተኛ ክፍሉ የሳይንስ ደብተሬ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ስዘረጋው የሞተር ዘይት ሸተተኝ። ጥጉ ላይ የትልቅ ሰው አውራ ጣት ጥቁር ሆኖ ታትሟል። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ያኔ ፊደሎቼ ሁሉ ሆዳቸው ክብ ነበር። ከላይ «አሮጌ የቅንጦት መኪና ከመግዛት በፊት የሚታይ» ይላል። ደስታዬ እዚያው ላይ ቀጥ አለ።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ የሰው የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ ከጎንደር አዲ አርቃይ፣ ከአዲ አርቃይ ጎንደር። ሊማሊሞን የሚወርድበት ቀን ዝናብ ከጣለ እናቴ በሩን ከፍታ ሰማዩን ስታይ ትቆያለች፤ ወጡ ሲያር እንኳ አይሸታትም። አባቴ አንድ ሕልም ነበረው። ያረጀች ግን ግርማዋ ያለቀቃት የጀርመን መኪና ገዝቶ ለሙሽራ ማከራየት። «ጥርና ሚያዝያ ከሠራሁባት ዓመቱን ሙሉ ከቤቴ አድራለሁ» ይል ነበር። መኪናዋን ሳላያት የወደድኋት በዚህ ቃል ነው።

መኪናዋ ቆላ ድባ ተገኘች። የታናሽ ወንድሜን ክርስትና ያነሡት፣ አበልጃችን የምንላቸው ሽማግሌ ሊሸጧት ነው ተባለ። የሰፈራችን መካኒክ አብሮ ሄዶ ሊያያት ተስማምቶ ነበር። ዋዜማውን ግን አባቴ እኔን አስከትሎ ከጋራዡ ሄደና ሲያፍር ሲያፍር፣

«ይቅርብህ ወንድሜ። አንተን ይዤ ብሄድ አበልጄ ምን ይለኛል? እንደ ገበያ በሬ ጥርሷን ላስቆጥር መጣሁ ልበለው?» አለው።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ። «ይሉኝታ ሞተር አይጠግንም፤ ወላሂ አይጠግንም!» አለ። ከዚያ እኔን በአገጩ እያሳየ አባቴን፣ «በል አንተ አትያት። እሷን ይዘሃት ሂድ። ልጅ ከፈለገችው ጓዳ ብትገባ ማን ይቀየማታል? አንች፣ ደብተርሽን አውጪና ጻፊ።»

ጻፍሁ። ሞተሩ ሳይነሣ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አድርጊ፤ መቀዝቀዝ አለበት፤ የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል። ካደረበት ቦታ መሬቱን እይ፤ የሚያንጠባጥብ ካለ ያሳብቃል። የዘይቱን ክዳን አስከፍቺ፤ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለበት ውኃ ገብቶበታል፣ ዞር በሉ። መስኮቱን፣ ወንበሩን፣ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ተጫኚ። «የቅንጦት ማኪና እኮ ቁልፉ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ሲበላሽ ለብቻው ያስለቅሳል» አለ። ምንጣፉን ገልጠሽ ከሥሩ ዳስሺ። ውስጡ ጣፋጭ ነገር ከሸተተሽ ሽቶ እንዳይመስልሽ፤ ሞተር የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ነው፣ ወደ ውስጥ ይፈሳል ማለት ነው። በመጨረሻም ዳገት አውጧት። «በሜዳማ በሬም ይሮጣል» ብሎ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ነው አውራ ጣቱ የታተመው።

በማግሥቱ ቆላ ድባ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ከየአውድማው የጤፍ ጭድ ይሸታል። አበልጃችን ለእንግዳ ክብር ብለው መኪናዋን አሳጥበው፣ ሞተሯን አሙቀው፣ ከደጃቸው አቁመዋት ጠበቁን። ጥቁር ናት። ፊቴን በሯ ላይ አየሁት፤ ከቤታችን መስታወት ይልቅ ታሳምራለች። መሬቱ በእጥበቱ ጨቅይቷል፤ ምኑን ከምኑ ልለየው? ኮፈኑን ብነካው ፈጀኝ። የዘይቱን ክዳን እንዲከፍቱልኝ መጠየቁን ፈራሁ።

«ምነው፣ ልጅቱ መሐንዲስ ናት እንዴ?» ብለው አበልጃችን ሳቁብኝና የኋላውን በር ከፈቱልኝ። «ግቢ እመቤት! እስቲ እንዴት ያምርብሻል?»

ገባሁ። የቆዳው ወንበር ዋጠኝ። ቁልፉን ስጫነው መስኮቱ ያለ ድምፅ ወረደ። ከዚያ ሸተተኝ። ጣፋጭ፣ ከረሜላ እንደተፈላበት ድስት ያለ። በወንበሮቹ መሃል ተንጠራርቼ የፊተኛውን ምንጣፍ ጫፍ ገለጥሁና ጣቴን ሰደድሁ። ርጥብ ነው፤ ያዝ ያዝ ያደርጋል። ጣቴን ሳወጣው አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ቀና ስል አባቴን በመስታወቱ አየሁት። እጁን በመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳርፎ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ከአዲ አርቃይ ሲመጣ የማላየው ነው። ያወቅሁትን ብናገር ይህ ሰው ነገ ሊማሊሞን ይወርዳል፤ ይህንን በደንብ አውቄዋለሁ። ሕፃን ስለነበርሁ ነው እያልሁ ራሴን ለማታለል ብዙ ሞክሬአለሁ። አልሆነልኝም።

ዝቅ ብሎ በመስኮቱ «ምን አየሽ ልጄ?» አለኝ፣ በቀስታ።

ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። «ሸጋ ናት አባየ። ሁሉም ሸጋ ነው።»

ዐይን ዐይኔን አየኝ። በደስታ መስሎኝ ነበር።

ሊሞክራት ሲነሣ ዳገት ማውጣቱን አስታወስሁት። አበልጃችን ከት ብለው ሳቁ። «ከደንቢያ ሜዳ ምን ዳገት አለ? ዳገታችሁ ያለው ከጎንደር!» አሉ። በሜዳው ላይ እንደ ቅቤ ሄደች። የእናቴ የአንገት ወርቅና አባቴ በዕድሜው ያጠራቀመው በዚያ ቀን ከደጃቸው ቀሩ። ስንመለስ አዘዞን አልፎ መንገዱ ሽቅብ ሲል የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ተነሣ። አባቴ ዳር ያዘና «ትንሽ ነፋስ እንውሰድ» አለኝ። ወረድንና ነፋስ ወሰድን።

የመጀመሪያዋ ሙሽራ ጎረቤታችን ነበረች፤ ወደ ዳባት የምትዳር። መኪናዋ በአበባ ተጠቅልላ ከሰፈር ስትወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከኋላ ከሚከተለው ሚኒባስ ውስጥ ከዘፋኞቹ ጋር ነበርሁ። ወደ ኮሶዬ የሚያወጣው ዳገት ላይ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ መውጣት ጀመረ። ከበሮው ቆመ። ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ከመንገዱ ዳር ወረደች፤ የኮሶዬ ብርድ ትከሻዋን ሲያንቀጠቅጠው አያለሁ። ከሚዜዎቹ አንዱ «ሙሽራዋ ሳታለቅስ ማኪናዋ አለቀሰች!» ሲል ሁሉም ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ሳቁን ዛሬም ብሰማው አውቀዋለሁ። ሙሽራዋን ወደ እኛ ሚኒባስ አዛወሯትና ሄድን። በኋለኛው መስታወት ሳየው አባቴ አበባውን አንድ በአንድ ከመኪናዋ ላይ እየፈታ ነበር።

ሞተሯ ተቃጥሎ ነበር። መካኒኩ ከፍቶ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «ወረቀቱስ?» አለኝ። ጠፋብኝ አልሁት። መኪናዋ ከነቆዳ ወንበሯ እየተፈታች በየዕቃዋ ተሸጠች። አባቴ ወደ ጭነት መኪናው ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ከአበልጃችን ጋር በተገናኙ ቁጥር ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ፤ ስለ መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረው አያውቁም። ምናልባት እሳቸውም አያውቁ ይሆናል። ምንጣፍ ሥር ማን ያያል?

ይህንን ሁሉ ጽፌ ለመምህሩ ከመስጠቴ በፊት፣ ባለፈው እሑድ፣ አባቴ ከመንገድ ሲመጣ አነበብሁለት። ጫማውን እየፈታ ነበር። «ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ» የሚለው ላይ ስደርስ የጫማውን ክር ያዘው፤ እስክጨርስ ድረስም አለቀቀውም።

«ምንጣፉን እኔም ዳስሼዋለሁ» አለ።

«ምን? ታዲያ ምነው ገዛሃት አባየ?»

«ካንች አፍ እየጠበቅሁ ነበራ። ልጅ ተናገረች ብዬ ነገሩን በሳቅ ላፈርሰው። ሸጋ ናት ስትይ ለእኔም ሸጋ መሰለችኝ። እንድትመስለኝ ፈልጌ ነው እንጂ...» ጫማውን ወደ ጎን ገፋ አደረገና «ለአበልጄ አልናገር ያልሁትን ባንች ላይ ጣልሁት። የኔው ጥፋት ነው ልጄ። አንች ልጅ ነበርሽ» አለኝ።

አምስት ዓመት ሙሉ ለየብቻችን የተሸከምነው አንድ ነገር ኖሯል። እጄን ያዘኝና እስኪመሽ ተቀመጥን። ማክሰኞ ደግሞ ማልዶ ሄደ።

ለመካኒኩም አነበብሁለት፤ ዕዳ አለብኝ ብዬ። ገና ሳልጨርስ «ይህችን ጨምሪልኝ» ብሎ መልእክት ሰጥቶኛልና እነሆ፦ አሮጌ የቅንጦት መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይ ሻጩ ዘመድ ወይ አበልጅ የሆነባችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጋራዡ ይዛችኋት ኑ። መኪናዋ ሞተሯ ከቀዘቀዘ በኋላ ትታያለች፤ ከዚያ ዳገት ትወጣለች። ለማየት አይከፈልም። ይሉኝታ የያዘው ሰው ካለ «መካኒኩ ነው ያስገደደኝ» ይበል፤ እሱ ቅያሜ የሚሸከምበት ትከሻው ሰፊ ነው።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ አለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ።