ያልተደረሰ ለቅሶ

እናትዓለም ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ የመንግሥት ቢሮ የተቀጠረችው በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። ከመጥረጊያ አንሥቶ መዝገብ ቤት ያስገባት፣ ማታ ማታ እንድትማርም የፈቀደላት የያኔው ኃላፊ አቶ ክንዱ ነው። እሷም አላሳፈረችውም። ባለጉዳይ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ ፋይሉ መስኮቱ ላይ ይደርሳል፤ አሥራ አራት ዓመት እንዲያ ሠራች።

አምና አቶ ክንዱ ከኃላፊነቱ ተነሣና አቶ አስናቀ ተተካ። ክንዱን ኮሪደሩ ጫፍ ካለች ክፍል፣ ሥራ ከማይመጣበት ጠረጴዛ አስቀመጡት። በሩ ላይ ይጋፉ የነበሩት ሁሉ ሰላምታቸውን ቆጠቡ። ከእሱ ጋር ሻይ የጠጣ እንኳ «የክንዱ ሰው» ተብሎ ይያዝበታል።

ጥቅምት ላይ የክንዱ እናት ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ አረፉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ የቢሮው መኪናም ለቀስተኛ ጭኖ ይሄዳል። ያን ቀን ግን ሰሌዳው ባዶውን ዋለ። የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ቦታ ክፍት ነበርና ምዘናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እናትዓለም ደግሞ ሁለት ልጅ ብቻዋን ታሳድጋለች።

አብራት የምትሠራው ማኅሌት ፋይል እየደረደረች፣ «ሂጂ እንጂ፤ ድንኳን ውስጥ ማን ማን እንደተቀመጠ ሰኞ ጠዋት አቶ አስናቀ ጆሮ ይገባል። ከዚያ አንቺም ቁንዝላ ወርደሽ ታንኳ ትቀዝፊያለሽ» አለቻት።

ምዘናው ይለፍና እሄዳለሁ ብላ ራሷን አጽናናች።

ክንዱ በሳምንቱ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ ተመለሰ። መስኮቷ ላይ ቆሞ አንድ የቆየ ፋይል ጠየቃት። ከኋላው ሰው ነበር። የማጽናኛውን ቃል ትታ፣ «የጥያቄ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለችው። ሄዶ ጽፎ አመጣ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ሥራ አልሆነም። ፍርሃት እጅ ያስራል። ፊርማ የሌለበት ወረቀት አትነካም፤ የምታውቀውን አላውቅም ትላለች፤ ዓይኗን ጨፍና የምታገኘውን መደርደሪያ ትስታለች። ባለጉዳዩ ተሰልፎ ይውላል።

ቦታውን ግን አገኘች። የመጀመሪያ ሥራዋም ባልደረቦቿ እርስ በርስ የተመዛዘኑባቸውን ወረቀቶች ፋይል ማድረግ ሆነ። የመዛኙ ስም አልተጻፈባቸውም፤ የእያንዳንዱን የእጅ ጽሑፍ ግን ታውቃለች። ማኅሌትም ሌሎቹም ነጥብ ቆንጥረው ሰጥተዋታል። ክንዱ ሙሉውን ሰጥቶ፣ ከግርጌው «ሥራዋን ታውቃለች» ብሎ ጽፏል።

ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች። በሩ ክፍት ነበር።

«ጋሼ ክንዱ፣ ለቅሶው አልደረስሁም። ፈርቼ ቀረሁ። እግዜር ያጽናዎት።»

መነጽሩን አወለቀና በእጁ የእንግዳ ወንበሩን አሳያት።

«ድንኳኑ ከተነሣ እኮ ሰነበተ፣ እናትዓለም» አላት።

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ድምፁ ግን የማያውቁትን ባለጉዳይ እንደሚያስተናግዱበት ድምፅ ለስላሳ ነበር።