ያልተሟሸች ጀበና

በወላይትኛ እናታችንን «አዬ» ብለን ነው የምንጠራት። ትምህርት ቤት ገብቼ አማርኛ ስማር ቃሉ የሐዘን መሆኑን ሳውቅ ሳቄ መጣ። ሰው ሁሉ ሲከፋው የእኔን እናት የሚጠራ መሰለኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ግን ነገሩ አላሳቀኝም።

አባቴን የቀበርነው ክረምቱ ሲገባ ነው። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር፤ ቀባሪው ሁሉ የመቃብሩን አፈር በጫማው ይዞ ቤታችን ገባ። ድንኳኑ እስኪነሳ ቡና የሚፈላው በትልቅ ማንቆርቆሪያ ነበር፣ የሚያፈሉትም የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። አዬ ትጠጣ አትጠጣ ማንም ልብ አላለም። ድንኳኑ ተነስቶ፣ አግዳሚው ተመልሶ፣ ሰው ወደየጉዳዩ ሲበተን አዬ የራሷን ጀበና ጣደች። ቀዳች፣ ፉት አለች፣ ሲኒውን መልሳ አስቀመጠችው።

«አፈር አፈር ይላል» አለች።

የእኔ መከራ የጀመረው በዚህች ቃል ነው።

በሰፈራችን ቡና ያፈላች ሴት ቀድማ ትቀምሳለች። ሳትቀምስ ለሰው አትሰጥም። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ አንዷ «መርዝ የለበትም ለማለት ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «እንዲያው ሥርዓት ነው፤ አንቺ ደግሞ ሁሉን መጠየቅ» ትላለች። ብቻ የቤቱ እመቤት ቀምሳ የመለሰችውን ቡና እንግዳ አይነካውም። ስለዚህ አዬ ካልጠጣች ሰው አይመጣም። ሰው ካልመጣ አዬ ብቻዋን ናት። ከእኔ በቀር ማለቴ ነው፤ እኔ ደግሞ መሄድ እፈልግ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። ጠዋት ተነስቼ ያለ ጉዳይ መናኸሪያ ድረስ እወርዳለሁ፣ ረዳቶቹ «ሐዋሳ! ሐዋሳ!» ሲሉ ቆሜ እሰማለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ። የክፍል ጓደኛዬ እዚያ ሄዳ ፀጉር ቤት ገብታለች። «ቦታ ሲከፈት እደውልልሻለሁ፣ ብቻ ስጠራሽ ነይ» ብላኛለች። እኔም ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ አዬ ቡናዋን ትጠጣ፣ ሴቶቹ ይመለሱላት፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላድርም።

በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችንን እትዬ እላቸዋለሁ። አያታቸው በጥንት ጊዜ ለሹመት ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ሶዶ ተወልደው እዚሁ አርጅተዋል። ወላይትኛ ይሰማሉ፣ መናገሩን ግን አይሞክሩትም። አዬ ደግሞ አማርኛ የምታወራው ለእሳቸው፣ ለቀበሌና ለሐኪም ብቻ ነው። እትዬ የአዬን ነገር ሲሰሙ አጥሩን በአንድ እጃቸው ገለል አድርገው ገቡ።

«አፈር የምትለው ጀበናሽ ናት» አሉ። «አርጅታለች። ሆዷ ተፋፍቆ አልቋል።»

«እሱ ምን አደረገ? ድሮ ጥሩ ነበረ» አለች አዬ።

«እሷ በይ! ይኸው ዕድሜ ልክሽን ጀበናን ወንድ እንዳደረግሽው ቀረሽ።»

«ወንድ ይሁን ሴት ይሁን፣ አፈር ነው።»

ጀበናዋ በእርግጥ አርጅታለች። አንገቷ ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ ውታፏ ከእንሰት ቃጫ የተጠቀለለ ነው፣ እሱም የጥርስ መፋቂያ መስሏል። እኔም ጥፋተኛው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። አሮጌዋን ጥዬ በገበያ ቀን ቦዲቲ ወረድኩ።

ጀበና ሲመረጥ አይቼ አውቃለሁ፤ መርጬ ግን አላውቅም ነበር። በጣት መገጣጠሚያ ታንኳኪያለሽ፤ ድምፁ ጥርት ካለ አልተሰነጠቀም። መቀመጫዋን መሬት ላይ አድርገሽ ታያለሽ፤ ከተወላገደች ምድጃ ላይ ትወድቃለች። አፍንጫሽን አንገቷ ውስጥ ትከቻለሽ። ሸክላ ሠሪዋ ሴትዮ ብቻዋን ከሰው ገለል ብላ ነበር የተቀመጠችው። እኛ እንዲህ ነን፤ ሸክላ ሠሪዎች የሠሩትን ዕቃ ከንፈራችን ላይ እናደርጋለን፣ እነሱ በጠጡበት ሲኒ ግን አንጠጣም። የመጨረሻዋን መርጬ ስይዝ «አሟሺው፣ አትቸኩዪ» አለችኝ።

ማሟሸት ማለት አዲስ ሸክላ የአፈር ጠረኑን እስኪለቅ በገለባና በቡና አተላ እያፈሉ መድፋት ነው። አፈላሁ፣ ደፋሁ። አፈላሁ፣ ደፋሁ። ውጪዋን ዘይት ቀባሁ። ቤቱ ሁሉ አተላ አተላ ሸተተ። በመጨረሻ እኔ ስቀምሰው ከድሮውም የጣፈጠ ቡና ሆነ። ለአዬ ቀዳሁላት።

«አፈር» አለች።

ሙቀጫውን ጠረጠርኩ። እኛ ቤት የቡና ቅጠልም ይጠጣል፤ ቅጠሉ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር የሚወቀጠው በዚያው ሙቀጫ ነው። ለፍሬው ብቻ የሚሆን ሌላ ሙቀጫ አመጣሁ። አፈር። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ በእጅ የሚዞር የብረት መፍጫ አገኘሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል፣ በብሎኑ ሲያሻሽ ታልሚዋለሽ ሲያሻሽ ታሻክሪዋለሽ። ሁለቱንም አደረግሁ። አፈር። ቡናውን ቀየርኩ፣ ከቤሌ በኩል የመጣ ነው የተባለ። እንደ ድሮው ጨው ጨመርኩ፣ ቅቤ ጣል አደረግሁ። «ቅቤውን በአፈር አበላሸሽው» አለችኝ።

በመጨረሻ እትዬ ከቁም ሳጥናቸው አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የሚጠጡበት የአሉሚኒየም ማፍያ ነው፤ ሁለት ፎቅ አለው። ውሃው ከታች ይፈላና በቡናው መሃል አልፎ ላይኛው ቤት ይወጣል። ሲፈላ እንደተቆጣ ድመት ይተነፍሳል። አዬ ወደ ኋላዋ ሸሸች። «ጋኔን አለበት?»

«ጋኔን አይደለም፣ ጣልያን ነው» አሉ እትዬ። «ጠጪ!»

ጠጣች። ፊቷን አየሁት። መናገርም አላስፈለጋት።

«አዬ፣ አሉሚኒየም ነው እኮ!» ጮህኩ። «ሸክላ የለበትም! አፈር ከየት ይመጣል?»

«ከየትም። መጣ» አለች።

ያን ቀን ገባኝ። ዕቃው አይደለም፣ አፏ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ምላሷን በእንጨት ተጭነው አዩ፣ ደህና ነው አሉ፣ ቫይታሚን ሰጡን። ቫይታሚኑም ለእሷ አፈር ነው። ስንመለስ ንዴቴ ጫፍ ላይ ደርሶ የቦዲቲዋን ጀበና ላስቀምጥ ብዬ ምድጃው ድንጋይ ላይ ጣል ሳደርጋት አንገቷ ተቆረጠ። አዬ አልተቆጣችም። ሲኒዎቹን አጥባ፣ አድርቃ፣ እጇ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ በወንበር ወጥታ ደረደረቻቸው። አለመቆጣቷ ይብስ አስፈራኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሲታወሰኝ ጨለማ ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ብቻ አይደለም። ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅዬ አቀርባለሁ፣ አንድ ጎርሳ ትገፋዋለች። ቀሚሷ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀመረ። ጠዋት በር ላይ ትቀመጣለች። የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ በደጃችን አልፈው ሌላ ቤት ይገባሉ፤ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ያልተጠራ አይገባም። ለቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ እንኳን ድሮ የሚሰበሰቡት እኛ ቤት ነበር፤ እሱንም ወሰዱት። የቡናው ሽታ በአጥር ላይ ይመጣል። አዬ ሽታው ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች። እኔ መናኸሪያ ወርጄ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ስልኩ ጠራ። «ቦታው ተከፍቷል» አለች ጓደኛዬ። «ነገ ካልደረስሽ ሌላ ልጅ ይዘዋል። ቁርጡን ንገሪኝ።»

አዬ ሰምታለች። እኛ ሁለታችን የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ በወላይትኛ እሷ ወንዱን ከሴቱ አታሳስትም፣ ቃሏም ቢላ ነው። «ቤት ያለ ጀበና አይሆንም» አለችኝ። «አንድ ገዝተሽልኝ ሂጂ።»

ሮጥኩ። የሶዶ ገበያ ሊበተን ሲል ደረስኩ። አላንኳኳሁም፣ አላሸተትኩም፣ መጀመሪያ እጄ የነካትን አነሳሁ። ቤት ስደርስ በውሃ አለቅልቄ ያለ ምንም ማሟሸት ቡናውን ጨመርኩባትና ጣድኩ። ሐሳቤ ሻንጣው ላይ ነበር፤ ልብሴን እያጣጠፍኩ ጀበናዋን በአንድ ዐይኔ ነው የማያት።

አዬ ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ ሲኒዎቹን አወረደች። ቀዳች። ፉት አለች። ቆም አለች። ደግሞ ፉት አለች። እስከ ታች ጨለጠችው።

«ጥሩ ነው» አለች።

«አፈር አይልም?»

«አይልም አልኩሽ። እትዬን ጥሪያቸው።»

እየበረርኩ አጥሩ ጋ ሄድኩ። እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። እትዬ መጡ፣ ሻንጣዬ በር ላይ ነው፣ እሱን ተራምደው ገብተው ተቀመጡ። አዬ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እትዬ አንድ ፉት አሉና አፋቸው እንደሞላ ቀሩ። ዋጡ።

«ይቺ ጀበና መች ነው የተሟሸችው?»

ክው አልኩ። አዬ ቀና ብላ አየቻቸው። «ቡናው ጥሩ ነው፣ እህቴ» አለች በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። «ልጄ ነገ ይሄዳል። ጥሩ ነው አይደል?»

እትዬ እሷን አዩ። ሻንጣውን አዩ። እኔን አላዩኝም። የቀረውን አንጠፍጥፈው ጠጡና ሲኒውን ዘረጉ።

«ጥሩ ነው። ድገሚኝ» አሉ።

ከእጃቸው ቀማኋቸው። አተላው ውስጥ የቀረችውን ቀመስኩ። አፈር ነው። የሚመስል አይደለም፣ ራሱ አፈሩ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ በአፍ ጢምሽ እንደ መደፋት።

«አፈር ነው እኮ!» አልኩ። «አዬ፣ የዛሬው እኮ የእውነት አፈር ነው!»

«ታዲያስ?» አለች በወላይትኛ። «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ዛሬ ቢያንስ እውነተኛውን ጠጣሁ። ስትሄጂ ልይሽ እንጂ ጀበና ስትለውጪ ልታረጂ ነው?»

እትዬ ወላይትኛ እንደሚሰሙ ያኔ አስታወሱኝ። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «እኛ አሮጊቶቹ አፈሩን ችለን ዋጥን። አንቺ ሻንጣሽን መሸከም አቃተሽ?»

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን በነጋታው መናኸሪያ አልወረድኩም። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሌሊቱን ሁለቱንም ስሰድባቸው ነው ያደርኩት። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ጀበናዋን ደፋሁ፣ ገለባና አተላ ጨመርኩ፣ ጣድኩ። እንዲህ ያለ ጀበና ትቼ ብሄድ ሴቶቹ ሁሉ በሲኒው ያውቁብን ነበር፤ «ምላሷ ሞቷል፣ ልጇም ትታት ሄደች» ይሉ ነበር። አዬ ስታየኝ «አንቺ የማትረቢ» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። እያፈላሁ ደፋሁ። ጀበናዋ ተሟሽታ ሳትጨርስ ጓደኛዬ ደውላ ቦታው ለሌላ ልጅ መሰጠቱን ነገረችኝ። «ከእንግዲህ ስትፈልጊ ራስሽ ደውይ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

አዬ ግን ከዚያ ቀን አንድ ነገር ተምራለች፤ ሳይጣፍጣት ጥሩ ነው ማለት እንደሚቻል። ሲኒዎቹን መልሳ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አላወጣቻቸውም። እትዬ መጡ፣ እትዬ ሌሎቹን ይዘው መጡ። አሁን ጠዋት ጠዋት ቤታችን ሰው አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ ቀድሜ እቀምሳለሁ፣ ጀበናዋን አዬ ፊት አስቀምጬ በሩ ላይ እቆማለሁ። እሷ ለራሷ ትቀዳለች፣ ፉት ትላለች፣ ሁሉም ይጠብቃታል። እሷ ደግሞ በሲኒው አፍ በላይ እኔን ታያለች። ቅንድቤን ከፍ ካደረግሁ «ጥሩ ነው» ብላ ታድላለች። ዐይኔን ወደ መሬት ካደረግሁ «ሳይፈላ ወጣ፣ መልሺው» ትለኛለች፣ ሴቶቹም «ወይ የአንቺ ምላስ! ምንም አያልፍሽ» ይሏታል። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ።

ፊቷ መክሳቱን የተወ ይመስለኛል፤ አልወፈረም እንጂ። ምግቡን አሁንም ትገፋዋለች። ግን ታወራለች።

ጀበና መረጥኩ፣ ሙቀጫ መረጥኩ፣ መፍጫ መረጥኩ። ከሁሉ የተመረጥኩት ዕቃ እኔ ሆኜ ቀረሁ። እኔን ደግሞ ቦዲቲም ሄደሽ አታገኚኝ፣ ብሰበርም አትተኪኝ።

በቀደም አዬ ሲኒውን ከንፈሯ ላይ እንዳደረገች ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ። የሐዋሳዋ ጓደኛዬ ቁጥር ነው፣ አየሁት። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። አዬ ሲኒውን አላወረደችም፣ አልጠጣችም፣ ታየኛለች፤ ስልኩን እንዳነሳ ይሁን ቅንድቤን እንዳነሳ አላውቅም።

ቅንድቤን አነሳሁ።

«ጥሩ ነው» አለች አዬ፣ ድምጿ ግን እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም ሲል ሁለተኛውን ልጥድ ጓዳ ገባሁ።