የተመለሰው ምሳ ዕቃ

ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪዬ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «ቲቸር፣ ዳቦ አልወድም» አለችኝ። የታፈነው የዳቦ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። እማዬ በየጠዋቱ ሁለት አንድ ዓይነት ምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች፤ ለእኔ የቀበሌ ዳቦ፣ ለታሰረው ታላቅ ወንድሜ ፍርፍር። ባዶ ዕቃ ከእስር ቤት ከተመለሰ ወንድሜ በሕይወት አለ ማለት ነው። ዳቦ ስለምጠላ አንድ ቀን እማዬ ነጠላዋን ስትፈልግ ዕቃዎቹን ለዋወጥኳቸው። ፍርፍሩንም ትምህርት ቤት ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከሰዓት ስመለስ እማዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ዳቦው ሳይነካ ጭኗ ላይ ነው። የእስር ቤቱ ዘበኛ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብሎ መልሷታል።

«እማዬ፣ ዳቦ ስለሆነ እኮ ነው! ነገ ፍርፍር እንውሰድለት» አልኳት።

ምሳ ዕቃውን ወደ እኔ ገፋችው።

«እሱ አላየውም፣ ልጄ» አለች። «ነይ ብዪው፤ እህል አይጣልም።»

እያየችኝ እስከ መጨረሻው በላሁት።

ዛሬ ለተማሪዬ እናት ማስታወሻ ጻፍኩ፦ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ቆሎ ቢቋጥሩላት። የትምህርት ቤታችን ደንብ ግን ልጆች ያመጡትን እንዲጨርሱ ያዛል። ልጅቷ ትእዛዜን እየጠበቀች ነው። «ብዪ» ማለት አቃተኝ።