ከባሕር ወለል የወጣው መርዝ

ፋና ቢሻው ባሕር ያየችው ካደገች በኋላ ነው። እንጅባራ አጠገብ ተወልዳ፣ አባቷ አቶ ቢሻው ቀርከሃ እየቆረጡ፣ እየሸጡ አስተማሯት፤ ኬሚስትሪ ተመርቃ ለተጨማሪ ትምህርት ኖርዌይ ሄደች። እዚያ፣ በመርከብ እየወጡ ብርሃን ከማይደርስበት የባሕር ወለል ስፖንጅ ከሚያወጡ ተመራማሪዎች ጋር ሥራ ጀመረች። ስፖንጅ እንስሳ ነው፤ ግን እንደ ተክል ካለበት ንቅንቅ አይልም። መሸሽ ስለማይችል የሚያጠቃውን የሚመልሰው በመርዙ ነው። ከዚያ መርዝ ውስጥ ለመድኃኒት የሚሆን መፈለግ የፋና ድርሻ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ከመርዙ የለየችው አንድ ውህድ ተሳካላት። የታወቀው መድኃኒት ሁሉ ያልበገረው ባክቴሪያ በዚያ ውህድ አለቀ። ደስታው አላስቀምጥ ቢላት ለእናቷ ለወይዘሮ እታለማሁ ደወለች። እናትም ሳያድሩ፣ ልጄ ከባሕር ሥር መድኃኒት አገኘች ብለው ለደብሩ ሰው ሁሉ አዳረሱ።

ቆይቶ ግን ያው ውህድ የሰውን ጤነኛ ሴልም እንደሚገድል ታወቀ። ፋና ይህን ለመንገር አልደወለችም። ዛሬ ነገ ስትል ከረመች።

በክረምቱ አባቷን የቀርከሃ ስንጥር እግራቸውን ወጋቸው፤ ቁስሉም አመረቀዘ። ፋና ፈቃድ ወስዳ ስትደርስ ዳንግላ ሐኪም ቤት ተኝተው፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጠቁሮ አገኘቻቸው። ሐኪሙ ያለውን መርፌ ሁሉ ሞክሮ ነበር። "መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው" አላት።

እናቷ እጇን ይዘው ወደ ኮሪደር አወጧት።

"ያንችን አምጥተሻል?"

"የቱን እማ?"

"የባሕሩን ነዋ። ስጫቸው።"

ፋና ግድግዳውን ተደገፈች። "አይሆንም እማ። እሱ ሰውም ይገድላል።"

ታላቅ ወንድሟ መሳፍንት ከኋላቸው ቆሞ ሰማ። "መርዝ ፍለጋ ነው ይኸን ሁሉ ዓመት የሄድሽው?" አላት። ከስንት አንዱ ብቻ መድኃኒት እንደሚሆን ልታስረዳው ስትጀምር ጥሏት ገባ። እናቷ መሬት ላይ ቁጭ አሉና በአገውኛ፣ "በሰው ፊት አዋረደችኝ" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ፋና ያልሰማች መሰለች።

አባቷ ይህን ሁሉ አላወቁም። ማታ ትኩሳቱ ጋብ ሲልላቸው፣ "ባሕሩ ከዘንገና ሐይቅ ይጠልቃል?" ብለው ጠየቋት።

"በጣም ይጠልቃል አባ።"

"እንግዲያ ተጠንቀቂ።"

እግራቸው ሊቆረጥ በተቀጠረበት ዋዜማ አረፉ።

ሠልስት እንደወጣ የፋና ፈቃድ አለቀ። መሳፍንት አልሸኛትም። እናቷ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እስከ መነኸሪያ መጡ። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ግን ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

"የምትፈልጊው ነገር ይገኛል?"

"እንጃ እማ።"

"ቢገኝም ለኔ አትደውይልኝ።"

ፋና ጉልበታቸውን ስማ ተሳፈረች።