«በራሱ» የተቀጣጠለው ሞተሬ

«ሞተሩ በሙከራው መካከል ጠፍቷል። ከዚያም ማንም ሰው ሳይነካው በራሱ እንደገና ተቀጣጥሏል። ለግቢው አደገኛ በመሆኑ ሞተሩ ይፈታ፤ ቤተ ሙከራውም ይዘጋ።»

ትናንት ጧት በዐረብኛ ተጽፎ የደረሰኝ ይኼ ነው። ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት። የላኩት የሙከራዬ ገምጋሚዎች ናቸው።

ለማታውቁኝ፣ ካርቱም ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ አስተምራለሁ። ሃምሳን ተሻግሬያለሁ። የዓመታት ትርፍ ጊዜዬን የበላችው ክንድ የምታህል የሮኬት ሞተር ናት፤ ለትናንሽ ሳተላይቶች የምትሆን። እንደ ርችት አንዴ ከተለኮሰ እስኪያልቅ የማይቆም ሮኬት ለእነሱ አይበጅም። ሳተላይት ትንሽ ይገፋና ግፊቱ ይቆማል፤ መንገዱን ሲስት ደግሞ እንደገና ትንሽ መገፋት አለበት።

ስለዚህ ነዳጁን ሰም አደረግሁት፤ ከሱቅ ዐረቢ፣ ከከተማው ገበያ፣ የገዛሁት ተራ ሻማ ቀልጦ። ኦክስጅኑ ከውጭ በቫልቭ ይገባል። ቫልቩን ስዘጋው እሳቱ ይጠፋል። ከፍቼ ትንሽ ጋዝ በመኪና ካንዴላ ስለኩስበት ደግሞ ይነሳል። የቡታጋዝ ምድጃ በሉት። መጥፋትና መነሳት... ሥራው በሙሉ ይኼው ነው። ኮሌጁም «ጠፍቶ ከተነሳ ቤተ ሙከራው ያንተ ነው» ብሎኝ ነበር።

ብረቱን የበየደልኝ ሰይድ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ እዚህ ከከረመ ቆይቷል፣ የራሱ ብየዳ ቤት አለው። ሥራውን ሲጨርስ እንዲህ ብሎ ስቆብኝ ነበር፦ «ጋሼ፣ እሳት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው።»

ለሙከራው ቀን ኮሌጁ የመደባቸውን ገምጋሚዎች በማለዳ ቀጠርኳቸው። የካርቱም ፀሐይ ሰም አይምርም። ሰሙ ከለሰለሰ ተደፍጥጦ መሐሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ያኔ አበቃ። ሞተሯን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። «ኢንሻአላህ በማለዳ» ያሉኝ ሦስት ሰዎች ረፋዱን መጡ። ሰይድም አብሯቸው ነበር።

ከአሸዋ ከረጢቱ ግንብ ጀርባ ገብቼ ለኮስኩ። ጮኸች... ግቢው ተንቀጠቀጠ። ቫልቩን ዘጋሁ። እልም አለች። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ልብሱን አራግፎ ተነሳ።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ጠፋ። ማዐሌሽ፣ አይዞህ ያ ኡስታዝ፣ ሌላ ጊዜ ይሳካልሃል። ፈጡር ቀርቧል።»

«ዶክተር፣ ዋናው ገና አሁን ነው! ይቀመጡ!»

«ፉሉ ይቀዘቅዛል ያ ዞል! ና፣ ተፈደል። በልተን ታሳየናለህ።»

ሱዳን የኖረ ያውቀዋል። ረፋድ ላይ ፈጡር፣ ቁርሱ፣ ሲቀርብ አገሩ ይቆማል። ሳህኑ አንድ ነው፤ ሁሉም እጁን ይሰዳል፤ የተጠራ ሰው እምቢ አይልም። እኔ እምቢ አልኩ። በልተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ተጨዋውተው እስኪመለሱ ሰሜ ሾርባ ይሆናል። ሰይድን አየሁት። «ጋሼ... ተጠርቼ እኮ ነው» አለና ተከተላቸው።

ወደ ግንቡ ጀርባ ተመልሼ፣ ቫልቩን ከፍቼ ብቻዬን ለኮስኩ። ተነሳች!

በግንቡ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። ከዛፉ ጥላ ሥር ሳህኑ ተገለበጠ። አንደኛው ገምጋሚ ጫማውን ጥሎ በረረ። ሰይድ ዳቦውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቫልቩን ዘጋሁ፤ ጠፋች። እጆቼን አንስቼ እየጮህኩ ስወጣ ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ሁሉም የሚያየው መሬት ላይ የፈሰሰውን ፉል ነበር።

ትናንት ያንን ወረቀት ይዤ ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ።

«በራሱ ተቀጣጠለ ያለው ማነው? እኔ ነኝ ያቀጣጠልኩት!»

«ማን አየህ?»

«ከግንቡ ጀርባ ነበርኩ!»

«ያ ኡስታዝ፣ ሁላችንም አንድ ሳህን ላይ ነበርን። አንተ አልነበርክም።»

«ታዲያ የት ነበርኩ?»

«አላሁ አዕለም፤ አላህ ያውቃል።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰይድ ብየዳ ቤት ሄድኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዓይኔን ማየት አቃተው።

«ሰይዶ፣ አንተ ትመሰክርልኛለህ። በራሷ ነው የተነሳችው?»

«ጋሼ... ድምፁን ሰማሁ እንጂ እጅዎን አላየሁም።»

«ቫልቩን የገጠምከው አንተ ነህ! ሰው ካልከፈተው ይከፈታል?»

«አይከፈትም።»

«እና?»

«የኮሌጁ በርና መስኮት ሁሉ የኔ ሥራ ነው፤ እንጀራዬ ነው። ልጆች አሉኝ ጋሼ።» መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰና፣ «ደግሞስ... አንድ ጉርሻ ቢቀምሱ ምን ነበረበት?» አለኝ።

ከሰብሳቢው ወረቀት ይልቅ ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ሰውዬው አላወቀም እንበል። ሰይድ ግን ያውቃል!

እዚህ የምጽፈው ኮሌጁ ውስጥ አማርኛ የምታነቡ ስላላችሁ ነው። አድርሱልኝ። የዚህን ጽሑፍ የዐረብኛ ትርጉም በሰብሳቢው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። «በራሱ» የሚለው ይሰረዝ። በምትኩ «አስተማሪው አጠፋው፤ አስተማሪው አስነሳው» ተብሎ ይጻፍ። እስከዚያ ሞተሬን ማንም እንዳይነካ።

መልሱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባለው ሐሙስ በጽሑፍ ይድረሰኝ፤ በቃል አልቀበልም። ድጋሚ ሙከራው ደግሞ በረመዳን ይሁን... ያኔ ረፋድ ላይ ሳህን የለም።