በገበያ መሐል ያልያዘኝን በሽታ የተናገርሁ ለት

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ያኔ ላሊበላ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ አብዛኛውንም ረስቼዋለሁ። ይህኛው ግን አልረሳ ብሎኛል። ስለ ኤድስ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ሌላው ሁሉ ቀርቶ አንዲት ሴት ትመጣብኛለች፤ ስሟ ይመኙሻል ነው።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ የፀረ ኤድስ ክበብ ነበር። በዚያን ጊዜ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት አልነበረም። ግጥም እናነባለን፣ መፈክር እንጽፋለን፣ በሽታው በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ በሥዕል እያሳየን እናስተምራለን። እውነቱን ለመናገር እኔ ክበቡን የተቀላቀልሁት ስብሰባው ውኃ ከመቅዳት ስለሚያስጥለኝ ነው። ምላሴ ረዘም ያለ ስለነበር ግን ሳልውል ሳላድር የክበቡ ተናጋሪ ሆንሁ።

አንድ ቀን የክበቡ ኃላፊ መምህር ብርሃኑ እንግዶች ሊመጡ ነው አለን። በየአገሩ ያሉ ወጣቶች ስለ ኤድስ በራሳቸው አንደበት ለዓለም እንዲናገሩ የሚሠራ ማኅበር ነው የላካቸው። "ትልልቅ ሰዎች በትልልቅ አዳራሽ ስለ ወጣት ሲያወሩ ወጣቱ በር ላይ ነው የሚቆመው። እነዚህ ያንን ሊለውጡ ነው" አለን። ክበቦችን እየዞሩ አይተው፣ አዲስ አበባ ላይ ከብዙ አገር ከሚመጡ ወጣቶች ፊት የሚናገር ሰው ይመርጣሉ። ከክፍላችን አዲስ አበባን ያየ ሰው ስላልነበረ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ታታሪ ሆንን።

ለእንግዶቹ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚታይ አጭር ድራማ አዘጋጀን። ታሪኩ ቫይረሱ እንዳለባት ስላወቀችና ወንድሟ ከቤት ስላባረራት ልጅ ነው። ልጅቷን ሆኖ የሚጫወት ጠፋ። በራሷ ላይ ማን ያሟርታል? በመጨረሻ "አምጡት፣ እኔ እላለሁ" አልሁ። መምህር ብርሃኑ ደግሞ ገበሬው በማያውቀው ስም እንዳይደናገር በራስሽ ስም ተናገሪ አለኝ። ያች ምክር ናት ጉድ የሠራችኝ።

ቅዳሜ እህል ተራው አጠገብ ሣጥን ላይ ቆምሁ። "እኔ ትርንጎ እባላለሁ፤ የዚሁ የላሊበላ ልጅ ነኝ። በሽታው በደሜ ውስጥ አለ። ቀን ስስቅ ታዩኛላችሁ፣ ሌሊት እንዴት እንደማድር ግን የጠየቀኝ የለም" እያልሁ ቀጠልሁ። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ወንድሜን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ዱላ ይዞ ሊያባርረኝ ብቅ ሲል ግን ገበሬዎቹ ያዙትና ዱላውን ቀሙት። "ምን ያለው ጨካኝ ነው! የታመመች እህትህን ልትመታ?" ብለው ሊደበድቡት ሲሉ መምህሩ ደርሶ አስጣለው። ድራማው እዚያው ላይ ቀረ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ልጀ" አሉ። ገበያተኛው "አሜን" አለ።

እኛ እንዲህ ያለ ድራማ ተሠርቶም አያውቅ ብለን እየተደሰትን ገባን። እንግዶቹም በካሜራቸው ቀርጸው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሄዱ።

ያላሰብነው ነገር ይህ ነው። በእኛ አገር አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ "እኔ እገሌ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደረሰብኝ" የሚለው ጸበል ቦታ ነው። ያ ምስክርነት ነው፤ በምስክርነት የሚዋሽ የለም። ድራማ የሚባለውን ከተማሪ በቀር ማን ያውቀዋል? ገበያተኛው የሰማውን ይዞ በየመንደሩ ገባ።

በሳምንቱ ቦኖ ውኃ ላይ ስደርስ ወረፋው ራሱ ይከፈትልኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ምክንያቱ ሲገባኝ ግን ጀሪካኔን ባዶውን ይዤ ተመለስሁ። እናቴ በመጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን እየዞረች "ኧረ የተማሪ ጨዋታ ነው፣ ልጀ ደኅና ናት" ማለት ጀመረች። ይህ ነገሩን አባባሰው። "እናት አይደለች፣ ምን ትበል" አሉ።

በዚህ መሐል የእናቴ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራ ደረሰ። እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው። አባቴ ሲሞት ድንኳን የተከሉልን፣ እህል የሰጡን፣ አብረውን ያለቀሱት ማኅበርተኞቹ ነበሩ። ማኅበሩ ከተዋት ሰው የላትም። ስለዚህ ያን ቀን ጠላው እንዲጣፍጥ፣ ዳቦው እንዲነፋ ስትደክም ዋለች። እኔም የምትፈራውን ስለማውቅ አገዝኋት።

ማኅበርተኞቹ መጡ። ከጽዋ መቅረት ያስፈራል። መጡ እንጂ ግን አልበሉም። አንዷ ጸበል ጠጥቻለሁ አለች። አንዱ ሆዴን አሞኛል አለ። እትዬ ወለላ የምትባለው ጎረቤታችን፣ በየድግሱ ሦስት ጊዜ የምታስጨምረው ሴትዮ፣ ስእለት አለብኝ ብላ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። የማኅበሩ አባት መምሬ አዳነ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው፣ ከጽዋው ቀምሰው አሳለፉ። ጽዋው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ሁሉም ወደ አፉ ጠጋ ያደርግና ሳይነካ ያቀብላል። ክበባችን በዕቃ አይተላለፍም ብሎ በሥዕል ያስተማራቸው እነዚሁኑ ነበር።

አንዲት የማላውቃት ሴት በር ላይ ቆማ "እንደምን ዋላችሁ" ያለችው ይህን ጊዜ ነው። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ማኅበር ያለበት ቤት እንግዳ አይመለስምና እናቴ ግቢ አለቻት። መጥታ እኔ አጠገብ ተቀመጠች። ዳቦ ሲሰጣት እንደ ሰው በላች፤ ጠላውንም ጠጣች። እናቴ በዓይኗ ስትመርቃት አየሁ።

ትንሽ ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "አንችን ፍለጋ ነው የመጣሁ። ይመኙሻል እባላለሁ፤ ከጋሸና ነኝ። ያን ለት ተልባ ልሸጥ መጥቼ ስትናገሪ ሰማሁሽ" አለችኝ። ባሏ የመኪና ረዳት ነበር፤ ሞቷል። እሷ ወልድያ ተመርምራ ከተነገራት ወዲህ ለአንድም ሰው አልተናገረችም። "እኔም እንዳንች ነኝ። ይህን ተናግሮ በእግር መቆም የሚቻል አይመስለኝም ነበር። አንችን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል" አለችና እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

ምን ልበላት? ሰው ሲወጣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ አሰብሁ። ጊዜ ግን አልነበረኝም። እናቴ እንዳለ የተመለሰላትን የዳቦ ትሪ ይዛ መሐል ቤት ላይ ቆመች።

"አባቴ፣ እኔ ምን በደልሁ?" አለች ወደ መምሬ አዳነ ዞራ። "ለማርያም ያልሁት ዳቦ ይህን ያህል ይናቅ? ልጀ በሽታ የለባትም። ልጀ ንጹሕ ናት። ያ ጨዋታ ነው ብል የሚሰማኝ አጣሁ።"

ንጹሕ የሚለው ቃል ሲወጣ ይመኙሻል እጇን ከጉልበቴ ላይ አነሣች።

መምሬ አዳነ ወደ እኔ ተመለከቱ። "ትርንጎ፣ እስቲ አንች ራስሽ ተናገሪ። አለብሽ ወይስ የለብሽም?"

ቤቱ ሁሉ አየኝ። የለብኝም ብል እናቴ ትድናለች፤ አጠገቤ ያለችው ሴት ግን በዓለም ላይ ያገኘቻትን አንዲት ሰው ታጣለች፣ ያውም "ንጹሕ" ከሚለው ቃል ጋር። አለብኝ ብል እናቴን ማኅበሯን አሳጣታለሁ። ያ ምላሴ፣ በገበያ መሐል ሲፈስ የነበረው፣ አፌ ውስጥ ደረቀ። ዝምታዬን እትዬ ወለላ እንደ መልስ ቆጠረችውና ራሷን ነቀነቀች። እናቴ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ይመኙሻል ያኔ ተነሣች።

"አባቴ፣ ይፍቱኝ" አለች። "እሷ የለባትም። ያለብኝ እኔ ነኝ። ዝም ያለችው እኔን ላለማሳፈር ነው፤ ፊቷን አይቸው ነው። እናቲቱን አትበድሏት።"

ጽዋው ሲዞር እሷ ዘንድ ደርሶ በእጇ ላይ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ እሱን እሱን ማየት ጀመረ። እሷም የት እንደምታኖረው ጨነቃት።

"ቅመሽ" አሏት መምሬ አዳነ። ቀመሰች። ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጥተው ከእጇ ተቀበሏትና የቀረውን ጭልጥ አድርገው ጠጡት። ከዚያ ጽዋውን ለእናቴ ዘርግተው "ቅጅልኝ" አሉ። ሲሞላ በቀጥታ ለእትዬ ወለላ ሰጧት። "ስእለቱን እኔ ፈትቼልሻለሁ፤ ጠጭ።"

እትዬ ወለላ ካህን ትፈራለች። ጠጣች። ከእሷ ቀጥሎ ሌሎቹም ጠጡ፤ ዳቦውም ተበላ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ነጠላቸውን ሰብስበው የወጡ ነበሩ። አንዷ ከዚያ ወዲህ እናቴን ሰላም ብላት አታውቅም። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። በሚቀጥለው ወር እናቴ በተረኛዋ በእትዬ ወለላ ቤት በቦታዋ ተቀመጠች።

ይመኙሻልን እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። እግረ መንገዴን ይቅርታ ለማለት ብዙ ተንተባተብሁ። ድራማ ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርሁ፤ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። "ወሬው ጋሸና ቢደርስስ? ለምን ተናገርሽ?" አልኋት።

"ምን ላድርግ፣ እናትሽ ያን ትሪ እንደ ሞላ ስታየው አላስቻለኝም" አለችና መኪናው ውስጥ ገባች።

ወሬው ደረሰ። አከራይዋ ቤቴን ልቀቂ አለቻት። እናቴ ይህን ስትሰማ ሰው ልካ አስመጣቻትና ሌላ ቤት እስክታገኝ ድረስ እኛ ጋር ተቀመጠች። መድኃኒቱንም የጀመረችው ከእኛ ቤት ሆና ነው።

ብዙ ሳይቆይ ከእንግዶቹ መልእክት መጣ። የመረጡት "ቫይረሱ በደሟ ያለባትን የላሊበላ ልጅ" ነው። ለካ አስተርጓሚው ድራማ መሆኑን ሳይነግራቸው ቀርቶ ኖሯል፤ ወይም እሱም አምኖ ነበር። መምህር ብርሃኑ ስልክ ደውሎ እውነቱን ነገራቸውና ያለባት ሌላ ልጅ መኖሯን ጨመረላቸው። ይመኙሻል "ትርንጎ ከሄደች እሄዳለሁ" ስላለች ሁለታችንም አዲስ አበባ ሄድን።

አዳራሹ ከየአገሩ በመጡ ወጣቶች ተሞልቶ ነበር። ከእኛ በፊት የተናገሩት ሁሉ ወረቀት ይዘው፣ በሥዕል እያሳዩ ነው የተናገሩት። እሷ ባዶ እጇን ወጣች። ባሏ እንደ ሞተ፣ ለማንም ሳትናገር እንደ ኖረች፣ ከዚያም በማታውቃቸው ሰዎች ቤት እንደ ተናገረች ነገረቻቸው። "አሁን መድኃኒት እወስዳለሁ፤ እናንተም አገር ላለው ሰው ይድረሰው" ብላ ወረደች። አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብ ደንግጣ ክንዴን ያዘች። "ምን አጠፋሁ?" አለችኝ።

ዛሬ ጋሸና ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ወርጄ ሽሮ እበላለሁ፤ ሒሳብ አትቀበለኝም፣ እንጨቃጨቃለን። ጤናዋ ደኅና ነው።

ያን የገበያ ቀን የሚያስታውስ ሰው እስከ ዛሬ "አቤት ድፍረትሽ" ይለኛል። እኔም ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር አስባለሁ። በሽታው እውነት በእኔ ላይ ቢሆን፣ በማላውቀው ሰው ቤት፣ ለማላውቃት እናት ብዬ ብድግ እል ነበር? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ መልሱንም አውቀዋለሁ። ዝም ብዬ ዳቦዬን በልቼ እሄድ ነበር።